አንድ ጥያቄ አስር ጊዜ ሲጠየቅ፦ ለጋራ ህንፃ የቴሌግራም ግሩፕ አድሚኖች

ጋራ ህንፃ ላይ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ስልክ ሲከፈት የብሎኩ ግሩፕ ላይ ያልተነበበ መልእክት ተከምሯል። ግማሹ "ውሃ አለ?" ይላል። ግማሹ "ውሃ ሄደ እንዴ?" ይላል። አንዱ ትናንት የተመለሰውን እንደገና ይጠይቃል፣ ሌላው ከላይ የተጀመረውን ሳያይ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክርክር ይከፍታል። መሃል ላይ አንድ መልእክት አለ፤ "ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ተሰንጥቆ ደረጃው ላይ እየፈሰሰ ነው፣ ልጆች እንዳይንሸራተቱ" ይላል። ማንም አላየውም። ድግግሞሽን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት የምለው ለዚህ ነው። በጣም የሚያስፈልገውን መልእክት ይውጠዋል።

የምጽፈው ለአድሚኖችና ለኮሚቴ አባላት ነው። ምሳሌዬ የጋራ ህንፃ ይሁን እንጂ የወላጆች ግሩፕም፣ የእድር ግሩፕም፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ የሀገር ልጆች ግሩፕም አሰራሩ ያው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሰው የተመለሰ ነገር መልሶ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ መልሱ የት እንዳለ ስለማያውቅ ነው። ስራ ውሎ ማታ ቤቱ የገባ ሰው ሦስት መቶ መልእክት ወደ ላይ እየገፋ እንዲያነብ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ አስቀምጡለት፣ ከዚያ መንገዱን አሳዩት። ቀሪው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ሴቲንጉን እዩ

ብዙ አድሚን የማያውቀው አንድ ምርጫ አለ። ቴሌግራም ላይ ፕራይቬት የሆነ ግሩፕ የድሮ መልእክቶቹን ለአዲስ አባል ሊደብቅ ይችላል። ምርጫው "ቻት ሂስትሪ ፎር ኒው ሜምበርስ" ይባላል። "ሂደን" ላይ ከሆነ፣ ዛሬ የገባ ተከራይ የቀደመውን ወይ ጨርሶ አያይም፣ ወይ ከ100 መልእክት በላይ አያይም። እንዲህ ያለውን ሰው "ከላይ ተመልሷል፣ አንብብ" ብትሉት ምን ያንብብ? በእሱ ስልክ ላይ ከላይ የሚባል ነገር የለም። የግሩፑን ስም ነክታችሁ ኤዲት ውስጥ ግቡና "ቪዚብል" አድርጉት። ምርጫውን ካጣችሁት ግሩፑ ፐብሊክ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ሂስትሪው ድሮውኑ ክፍት ነው። ከተከራይ መቀያየር ጋር የሚመጣው ድግግሞሽ በዚህ ብቻ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ቶፒክስ ነው። ቴሌግራም በፈረንጆቹ 2022 መጨረሻ ያመጣው ነገር ነው፣ አንዱን ግሩፕ በርዕስ በርዕስ ይከፋፍለዋል። ለትልቅ ብሎክ ወይም ለሙሉ ሳይት ግሩፕ ጥሩ ነው። ለሰላሳ አባወራ ግን አያስፈልግም፣ ሰው የት እንደሚጽፍ ግራ ይገባዋል። ከከፈታችሁት ጥቂት ብቻ ይሁኑ፦ ውሃና መብራት፣ ጥበቃና ጽዳት፣ መዋጮና ሂሳብ፣ የጠፋና የተገኘ። ከዚያ በፐርሚሽንስ ውስጥ አዲስ ቶፒክ መክፈት ለአድሚን ብቻ እንዲሆን አድርጉ። ይህን ካላደረጋችሁ በሳምንቱ "ውሃ"፣ "ውሀ"፣ "የውሃ ጉዳይ" እና "ውሃ አስቸኳይ" የሚሉ አራት ቶፒኮች ታገኛላችሁ። ቴሌግራም ደግሞ ሁለት ቶፒኮችን አንድ ላይ የሚያዋህድበት ቁልፍ የለውም። ያንን ስራ በእጃችሁ ነው የምትሰሩት፣ እመለስበታለሁ።

ስሎው ሞድን ብዙዎች እንደ መድኃኒት ያዩታል። አንድ ሰው በስንት ጊዜ አንዴ ብቻ መጻፍ እንደሚችል ይወስናል፣ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት። ጭቅጭቅ ያበርዳል፣ እውነት ነው። ድግግሞሽን ግን አያስቆምም፣ ምክንያቱም ያንኑ ጥያቄ የሚጠይቁት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጭራሽ "ቧንቧው ፈንድቷል" ብሎ የጻፈ ሰው "የትኛው?" ሲባል መልስ እንዳይሰጥ ሊታገድ ይችላል። ለዚህ ጉዳይ አልመክረውም።

ድግግሞሽ መሆኑን ማረጋገጥ

እዚህ ጋ ጊዜ ስጡት። አብዛኛው ጥፋት የሚሰራው እዚህ ነው።

አንድ አይነት የሚመስል ሁሉ አንድ አይነት አይደለም። ሰኞ "ውሃ የለም" የተባለው መስመሩ ስለጠፋ ነው እንበል። ሐሙስም "ውሃ የለም" ተባለ። አድሚኑ ቸኩሎ "ሰኞ ተነግሯል፣ ፈረቃ ነው" ይልና ይዘጋዋል። ሐሙስ ግን መስመሩ መጥቷል፣ ፓምፑ ነው የቆመው። ምድር ቤት ያሉት ልብስ እያጠቡ፣ ላይ ፎቅ ያሉት ጠብታ የላቸውም። ቃሉ አንድ ነው፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን እንደ ድግግሞሽ ከዘጋችሁት ጥገና የሚጠራ ሰው ሳይኖር ቀኑ ይመሻል።

ተቃራኒውም አለ። አንዱ "ምድር ቤት የሆነ ነገር እየጮኸ ነው፣ ልጄን ቀሰቀሰብኝ" ይላል። ሁለተኛዋ "4ኛ ፎቅ ሻወር አይወርድም" ትላለች። ሦስተኛው "የኮሪደር መብራት ብልጭ ድርግም ይላል" ይላል። ሦስት ወሬ ይመስላል። የፓምፑን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ግን ሦስቱንም ሲያይ ፓምፑ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይጠረጥራል፤ ያለ ውሃ እየዞረ ይጮሃል፣ ውሃ ወደ ላይ አይገፋም፣ የመብራት መስመሩንም ያወዛውዛል። እነዚህ ናቸው አንድ ላይ መምጣት ያለባቸው።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መቼ ጀመረ፣ የት ፎቅ ነው፣ መልሱ ያው ይሆናል ወይ? የመጨረሻው ዋናው ነው። ለሁለቱም ጥያቄ አንድ መልስ የሚበቃ ከሆነ ድግግሞሽ ነው። መልሱ የሚለይ ከሆነ አይደለም፣ ቃላቱ ምንም ያህል ቢመሳሰሉ።

የድሮውን ፈልጎ ማግኘት

ሰርች ላይ ብዙ ሰው አንዴ ሞክሮ ተስፋ ይቆርጣል። አማርኛ ላይ ሰርች ትንሽ ትዕግስት ይፈልጋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮድ ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። "ጽዳት" ብላችሁ ፈልጋችሁ ካጣችሁ "ፅዳት" በሉ። "ጥበቃ" እና "ዘበኛ"፣ "መዋጮ" እና "ክፍያ" ሁለቱንም ሞክሩ። ግማሹ ጎረቤት ደግሞ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው፣ ያንንም አስቡበት። ቃሉ ካልሆነላችሁ በሰው ፈልጉ፤ ሰርች ውስጥ የአንድን አባል መልእክት ብቻ ማየት ይቻላል፣ በካላንደሩም ወደ አንድ ቀን መዝለል ይቻላል። "ኤሌክትሪሻኑ የመጣ ቀን ነው የተወራው" ብላችሁ ካስታወሳችሁ በቀን መፈለጉ ይፈጥናል።

ለወደፊቱ ግን ሀሽታግ ልመዱ። አድሚን መልስ ሲሰጥ መጨረሻ ላይ #ውሃ ወይም #መዋጮ ይጨምር። አጻጻፉን አንዴ ወስኑና እሱኑ ብቻ ተጠቀሙ። ሀሽታጉን የነካ ሰው በዚያ ጉዳይ የተሰጡትን መልሶች ተደርድረው ያገኛቸዋል።

የትኛው ይያዝ?

ሁለት ቦታ የሚወራ አንድ ጉዳይ ሲገጥማችሁ፣ የቀደመው ይያዝ የሚለው ጥሩ መነሻ ነው። ግን ህግ አታድርጉት። የቀደመው "ሊፍቱ አይሰራም" ብቻ ብሎ ቆሞ ከሆነ፣ ኋላ የመጣው ደግሞ ፎቶ፣ የጥገና ባለሙያው መልስና የሚያልቅበትን ቀን ከያዘ፣ ኋላ የመጣውን ያዙ። መልስ ያለበት ይበልጣል። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ መልስ ካላቸው አዲስ አጭር መልእክት ጽፋችሁ ሁለቱንም ወደዚያ ምሩ።

አሁን ዋናው ስራ፣ ማገናኘት። በተደጋገመው መልእክት ላይ ሪፕላይ አድርጉ። መልሱን በአንድ መስመር እዚያው ስጡ፣ ከስሩ የዋናውን ሊንክ አስገቡ። ሊንኩን ለማግኘት ዋናውን መልእክት ነክታችሁ "ኮፒ ሊንክ" በሉ። ፕራይቬት ግሩፕ ላይ ሊንኩ የሚከፍተው ለአባላት ብቻ ነው፣ ስለዚህ አትስጉ። እንዲህ ይሁን፦

"እትዬ፣ ፓምፑ ነው የተበላሸው፣ ባለሙያው ከሰዓት 9 ሰዓት ይመጣል ተብሏል። አዲስ ነገር ሲኖር እዚህ ነው የምንጽፈው፣ ይህን ይንኩት።" ከዚያ ሊንኩ።

ይህን ከ"ከላይ ተመልሷል" ጋር አስተያዩት። ጠያቂዋ መልሷን አግኝታለች። ቀጥሎ የት እንደምታይ አውቃለች። ማንም ፊት አላሳፈራትም። ጎረቤት ናቸው እኮ፣ ነገ ደረጃ ላይ ትገናኛላችሁ። ለትልቅ ሰው "ፒን የተደረገውን ያንብቡ" ማለት በአካል ብትሆኑ የማታደርጉት ነገር ነው። ደግሞ ብዙ እናቶችና አባቶች ፒን፣ ማለትም ግሩፑ አናት ላይ የሚሰካ መልእክት፣ ምን እንደሆነ አያውቁም፣ ልጃቸው ነው ቴሌግራሙን የከፈተላቸው። ለእነሱ ድምጽ መልእክት መላክ ይሻላል።

የተደጋገመውን ጥያቄ ማጥፋት አለብን ወይ? እኔ አታጥፉ ባይ ነኝ። ፕሮግራመሮች የሚጠያየቁበት ስታክ ኦቨርፍሎው ከ2008 ጀምሮ አለ፣ የተደጋገመ ጥያቄን ዘግተው ወደ ዋናው ይመሩታል እንጂ ሁሉንም አያጠፉም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው አንዱን ነገር በተለያየ ቃል ነው የሚፈልገው። አንዱ "ፓምፕ" ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላዋ "ሻወር አይወርድም" ብላ ትፈልጋለች። የእሷ አይነት ጥያቄ ግሩፑ ላይ ካለና ከስሩ ሊንክ ካለው፣ እሷም መልሱ ጋ ትደርሳለች። ካጠፋችሁት ግን ነገ እንደ አዲስ ትጠይቃለች።

የሚጠፋም አለ። አንድ ሰው ያንኑ ጽሑፍ ደጋግሞ ከለጠፈ አንዱን ትታችሁ ሌላውን አጥፉ። ከየግሩፑ ፎርዋርድ እየሆነ የሚመጣ ያው ማስታወቂያም እንደዚያው። ስታጠፉ ለሰውየው በውስጥ መስመር ምክንያቱን ንገሩት። በስህተት ያጠፋችሁት ካለ "ሪሰንት አክሽንስ" የሚል ቦታ አለ፣ አድሚኖች ባለፉት 48 ሰዓታት የተሰረዘውን እዚያ ማየት ይችላሉ። ከዚያ ወዲያ ግን የለም።

ሁለት ቦታ እየጋለ ያለ ክርክር

አንዳንዴ ሁለቱም ወሬ ህይወት አላቸው። አንዱ ቶፒክ ላይ ስለ ጥበቃ ደሞዝ ይከራከራሉ፣ ሌላው ላይ ሌሎች ጎረቤቶች ስለዚያው ይከራከራሉ፣ እና አንዱ ወገን ሌላው ምን እንዳለ አያውቅም። ይህ አደገኛ ነው። ሁለት የተለያየ ስምምነት ይዘው ስብሰባ ይመጣሉ። ቶሎ ግቡ። መጀመሪያ የሚዘጋውን አንብባችሁ ጨርሱ፣ እዚያ ብቻ የተነሳ ሃሳብ ካለ ወደሚቀረው ፎርዋርድ አድርጉት። ፎርዋርድ ይሻላል፣ የተናጋሪው ስም አብሮ ይሄዳልና "እኔ እንዲህ አላልኩም" የሚል ጣጣ አይመጣም። ስሙን የደበቀ ሰው ቢኖርም ጽሑፉ የራሱ ነው። ረጅም ከሆነ አሳጥራችሁ ጻፉ፣ ግን የሁለቱንም ወገን ሃሳብ በእኩል ዓይን አስቀምጡ፣ ያላመናችሁበትንም ጭምር። ከዚያ በሚዘጋው ላይ የመጨረሻ መልእክት ከሊንክ ጋር ጻፉና "ክሎዝ ቶፒክ" በሉ። የተዘጋ ቶፒክ ይነበባል፣ ተራው አባል ግን አይጽፍበትም።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። መጀመሪያ ዘግታችሁ በኋላ ብታስረዱ፣ በመሃል ያለው ሰዓት ለሐሜት ይበቃል። በተለይ አድሚኑ ራሱ በክርክሩ ውስጥ ወገን ከሆነ መዝጋቱን ለሌላ አድሚን ይተወው።

ድግግሞሽ የሚመስል ግን ያልሆነ

ይህን ከልቤ ነው የምለው። ገንዘብ ላይ የሚደጋገም ጥያቄ አለ። "ባለፈው ያዋጣነው ምን ላይ ዋለ?" አንዱ ጠየቀ፣ "በስብሰባ ይገለጻል" ተባለ። በወሩ ሌላዋ ጠየቀች፣ "ተገልጿል" ተባለች። ሦስተኛው ሲጠይቅ አድሚኑ "ይህ ጉዳይ ተደጋግሟል" ብሎ ሊንክ ሰጠው። ሊንኩ ሲከፈት "በስብሰባ ይገለጻል" የሚለው ነው። መልስ የለም እዚያ። ይህ ሦስት ጊዜ የተጠየቀና አንዴም ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለውን በድግግሞሽ ስም መዝጋት ሰውን ዝም ማሰኘት ነው፣ ጎረቤትም ይገባዋል። ሊንክ ከመለጠፋችሁ በፊት ሊንኩ የሚያደርሰው መልስ ጋ መሆኑን እዩ። መልስ ከሌለ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለጥፉ፣ የገባውንና የወጣውን ጻፉ፣ ያኔ ለሚቀጥለው ጠያቂ የምትሰጡት ነገር ይኖራችኋል።

ፒኑን መንከባከብ

ቴሌግራም ብዙ መልእክት ፒን ማድረግ ይፈቅዳል። ስለተፈቀደ ግን አትደርድሩት፣ አስር ፒን ያለበትን ማንም አይከፍትም። አንድ የማውጫ መልእክት ይብቃችሁ። በውስጡ ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቃቸው ከነሊንካቸው ይግቡ፦ የውሃ ፈረቃ፣ የወር መዋጮና የሚከፈልበት አካውንት፣ የቆሻሻ መኪና የሚመጣበት ቀን፣ ዕቃ ለማስገባትና ለማስወጣት የሚያስፈልገው ወረቀት፣ የጥበቃ ስልክ። ስልኩን ስታስገቡ ባለቤቱን አስፈቅዱ። አናት ላይ ቀን ጻፉ፣ "መስከረም 12 ተስተካክሏል" ብላችሁ። ቀን የሌለው ማውጫ አይታመንም፣ ያልታመነ ማውጫ ደግሞ ጥያቄውን እንደገና ያመጣዋል፣ "ይሄ ፈረቃ አሁንም ይሰራል እንዴ?" እየተባለ።

ፈረቃው ሲቀየር ማውጫውን አዲስ ጻፉ፣ አዲሱን ፒን አድርጉ፣ የድሮውን ፒን አንሱ። ወደ ድሮው የሚወስዱ ሊንኮች እዚህም እዚያም ስላሉ ከድሮው ስር "ይህ ተቀይሯል" ብላችሁ ወደ አዲሱ የሚወስድ ሪፕላይ አድርጉ። ሰው የሚሳሳተው በዚህች ቀዳዳ ነው። ውሃ ማክሰኞ ይመጣል ብሎ ባልዲውን ባዶ ያስቀመጠ ሰው ረቡዕን በጀሪካን ነው የሚያሳልፈው።

ስራውን ለአንድ ሰው አትጫኑት። ሁለት ሦስት አድሚን ይኑር፣ አንዱ ቀን ቢያይ ሌላው ማታ። በየጊዜው ለጎረቤት ሊንክ እየፈለገ የሚሰጥ አንድ ተባባሪ ሰው በየግሩፑ አይጠፋም፣ እሱን ጠይቁት፣ ብዙ ጊዜ ደስ ይለዋል። ኮሚቴው ሲቀየርም የግሩፑን ባለቤትነት ለአዲሱ አስተላልፉ፣ ሀሽታጎቹ እንዴት እንደሚጻፉና ማውጫው የት እንዳለ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት።